ጽዋው አለቃው እጅ ላይ ሳለ

«ዓሣ አንገዛም፤ ሂድልን» አለ ዮሪስ።

ሳጅን አፒሳይ በእጁ ያንጠለጠለውን ዓሣ አየ። የረጠበ ሽርጡንም አየ። በሰውየው ሊፈርድ አልቻለም።

«እኔም አልሸጥም። ፖሊስ ነኝ። በሬዲዮ ስትጠሩኝ መረብ እየጎተትኩ ነበር።»

ዮሪስ ፊቱ ቀላ። ሚስቱ ሊስቤት በዚያ ጭንቀቷ መሃል ፈገግ ልትል ቃጥቷት ተወችው።

ሁለቱም የሆላንድ ሰዎች ናቸው። በሸራ ጀልባ ከደሴት ደሴት ሲዞሩ ዓመታት አልፈዋል። ጀልባቸውን ባሕሩን ከከበበው የኮራል አለት ወዲያ አቁመው፣ ጠዋት በትንሿ የላስቲክ ጀልባ ወደ መንደራችን ወረዱ። እንደ ደንቡ ለአለቃችን ለካሊዮቫ አንድ እስር የካቫ ሥር አምጥተዋል። ሥሩ ተወቀጠ፤ በውሃ ተጨመቀ፤ ጽዋው ዞረ። ያን ጭቃ የመሰለ፣ ምላስ የሚያደነዝዝ ውሃ ያልጠጣ እንግዳ እኛ መንደር ውስጥ አይዘዋወርም።

ቦርሳ በትከሻ አንግቶ መንደር ውስጥ መሄድም አለቃውን መናቅ ነው። ስለዚህ ሊስቤት ቦርሳዋን አውርዳ በአለቃው ቤት በር ሥር አኖረችው። ስትወጣ ቦርሳው አለ። ፓስፖርቷ የለም።

በሩ ሥር ተቀምጦ የነበረው ሲሬሊ ነው፤ የካሊዮቫ የእኅት ልጅ።

«ሌላ ምን ጠፋ?» አለ አፒሳይ።

«ምንም» አለች ሊስቤት። «ካሜራው አለ። ገንዘቡም አለ።»

«ጨዋ ሌባ ነው እንግዲህ። አቀባበሉስ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር። ማድ ቤት ያሉት ሴቶች መሃል ላይ ሳቁብን እንጂ።»

«ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል?» አለ ዮሪስ። «በሩ ጋ የነበረው እሱ ብቻ ነው! ቤቱ ይፈተሽ!»

የሲሬሊ ቤት ተፈተሸ። ዮሪስ ከፊት ከፊት ነበር። ፓስፖርት አልተገኘም። የታሸገ ሻንጣ ግን ተገኘ።

«አያችሁ? ሊያመልጥ ነው!»

ሲሬሊ ሊያመልጥ አልነበረም። ሊሄድ ነበር። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ አውስትራሊያ ለብርቱካን ለቀማ ተመርጦ፣ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ ወጥቶለታል። መርከቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስሙ በሌብነት ከተጻፈ ወረቀቱ ይሰረዛል። ይህን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ያላወቀ ቢኖር ሻንጣውን ሲያይ ገባው።

«ሲሬሊ፣ ቦርሳውን ነክተሃል?»

«አልነካሁም።»

«ሲነካ ያየኸው ሰውስ?»

«ከኋላዬ ነበር ሳጅን። ፊቴን ወደ አጎቴ አዙሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የተቀመጥኩት። ግን አንድ ሰው በላዬ…»

ጥፊው ጮኸ። የመታው ካሊዮቫ ነው።

«ዝም በል! እንግዳ ፊት አትቀባጥር!»

ሲሬሊ ጉንጩን ያዘ።

አፒሳይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ጽዋው ሲዞር ተነሥቶ የወጣ ሰው ነበር?»

«አልነበረም» አሉ ባንድ አፍ። ሁሉም ምንጣፉን ያያሉ።

አፒሳይ የማዶው መንደር ልጅ ነው። እኛ የደሴት ሰዎች ሌባ ስንደብቅ የጠያቂውን ዓይን ዓይኑን ነው የምናየው። ምንጣፍ ምንጣፉን ካየን የምንደብቀው ነውር ነው። ይህን ያውቃል። ዓሣውን ይዞ ወደ ማድ ቤት ሄደ።

የካሊዮቫ ሚስት ኡናይሲ ካሳቫ ትልጣለች።

«እሜቴ፣ ይቺን ይጥበሱልኝ።»

«የመንግሥት ዓሣ ነው ወይስ የራስህ?»

«የራሴ። ጠዋት ምን አሳቃችሁ?»

«ተወኝ፤ ነውር ነው።»

«እኔም ነውሩን ነው የምፈልገው።»

ኡናይሲ በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ረጅሙ እንግዳ ነዋ! ጽዋው ባሌ እጅ ላይ እያለ እንደ ኮኮናት ዛፍ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ጎንበስ ማለት የለ፣ ይቅርታ የለ። ሲሬሊን እንደ ግንድ ተራምዶት ወጣ። ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ ጽዋውን ስታይ አላስተዋለችውም። ሽንቱ አጣድፎት ነው ስንል፣ ወደ ባሕሩ! ሲመለስ ምንጣፌን አሸዋ በአሸዋ አደረገልኝ።»

«ታዲያ እንዴት አትናገሩም?»

«አንተ የጠየቅኸው ስለ ሌባ። እሱ እንግዳ ነው። ሰውዬው እዚያው ቆሞ እየሰማ፣ አዋረደን ብለን ለፖሊስ እንክሰሰው? ማፈሩ አይቀርም እኮ!»

ቢላዋው ቆመ።

«ውይ!» አለች ኡናይሲ። «ሲሬሊ…»

አፒሳይ ሰዉን ሁሉ አስከትሎ ወደ ባሕሩ ወረደ። የላስቲኳ ጀልባ አሸዋው ላይ ናት። ከመቀመጫዋ ሥር የመንፊያው ከረጢት አለ።

«የግል ንብረቴ ነው!» ዮሪስ ፊቱ ተደቀነ።

«የሲሬሊም ቤት የግሉ ነበር። በር የከፈቱልን እርስዎ ነዎት።»

ከከረጢቱ ፓስፖርቱ ወጣ።

ሊስቤት አልጮኸችም። ፓስፖርቷን ተቀብላ አሸዋውን አራገፈች።

«ትናንት ነግሬህ ነበር» አለችው። «ባሕሩ በቃኝ፤ አንተም በቃኸኝ፤ ነገ በመርከቡ እሄዳለሁ አልኩህ። እሺ አላልከኝም?»

«ትንሽ ብትቆዪ ሐሳብሽን ትለውጫለሽ ብዬ ነው። አዲስ እስኪወጣልሽ ድረስ። ማንንም ልጎዳ አላሰብኩም።»

«እሱስ?» አፒሳይ ወደ ሲሬሊ ጠቆመ።

ዮሪስ ትከሻውን ሰበቀ። «እዚህ ያለ ሰው የት ይሄዳል ብዬ።»

ከኮራሉ ወዲያ መርከቡ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ አለቀ። ዮሪስ ከጀልባው ሌላ እስር ሥር አመጣ። ካሊዮቫ ተቀበለው፤ ሽማግሌዎቹ በደንቡ አጨበጨቡ፤ ይቅር ተባለ። አፒሳይ ክስ አለ ቢል፣ አለቃው «እንግዳ ነው፣ ተው» አለው። ሲሬሊን ይቅርታ የጠየቀው የለም። እሱ ሚስቱንና ልጆቹን ስሞ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ወደ መርከቡ በሚያደርሰው ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ሊስቤትም ከጎኑ ወጣች። ቦርሳዋን አሁንም በእጇ ነበር የያዘችው።

ካሊዮቫ ጽዋ ሞልቶ መጣ። ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

«ጠጣ ልጄ» አለ። «የስንብት ነው። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብለን እኮ ነው።»

የሲሬሊ ጉንጭ እንዳበጠ ነው። ጽዋውን አየውና በቀስታ ወደ ሽማግሌው መለሰው።

«ገባኝ አጎቴ። ስመለስ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ።»