የኦቦ ጆቴ የድረሱልኝ ጥሪ

ኦቦ ጆቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለው ቤታቸው ስልካቸውን እንደጨበጡ ሞተው ተገኙ። የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ልጃቸው ሜቲ ከእጮኛዋ ከአበጋዝና ከሁለቱ አሠሪ ከጨመዳ ጋር የሠራችውን የአምቡላንስ መጥሪያ አፕ ጭናላቸው ነበር። ያን ዕለት ግን የ«ድረሱልኝ» ገጽ ሊከፈት ሲል አፑ ራሱን እየደጋገመ ዘጋ።

ከቀብሩ ወዲህ ሜቲ እንቅልፍ አጣች። የአባቷ ጣት የስልኩን መስታወት ሲመታ ይሰማታል።

የኮምፒዩተር ወንጀል መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብፅዓት ሦስቱን ለየብቻ አነጋገረች። ጨመዳ አስቀድሞ ፈርዷል። አፑ የተዘጋው ኮዱ ገጹ ላይ ያለውን የስም መጻፊያ ሳጥን ፈልጎ ባዶ ስላገኘና ስለወደቀ ነው፤ የገጹን ሥዕል ከኮዱ የሚያገናኘውን መስመር የገጹ ሠዓሊ ሜቲ በጥሳዋለች አለ። ኮድ ጸሐፊው አበጋዝም አንገቱን ደፍቶ ተስማማ። ሜቲ ሥራዋን ከፍታ ለማየት እንኳ አልደፈረችም ነበር። «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ብፅዓት በእያንዳንዳቸው ስልክ ላይ ገጹን አስከፍታ ካየች በኋላ ሦስቱን በጨመዳ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ኮዱ መጀመሪያ የሚነካው የስም ሳጥኑን ስለሆነ እዚያው ወደቀ፤ ከዚያ ያለፈውን ማንም አልፈተሸም። እኔ ፈተሽኩ። ገጹ ላይ ያለው ካርታም ባዶ ነው፤ የመጥሪያ ቁልፉም ባዶ ነው። አንድ መስመር ቢበጠስ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነበር። የሜቲ ሥዕል ላይ ደግሞ መስመሮቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ኮዱ ገጹን ከሥዕሉ አላመጣውም፤ ባዶ ገጽ ፈጥሮ ከፈተ» አለች።

ጨመዳ ወደ አበጋዝ ዞረ። ኮዱን ከእሱ ሌላ የሚነካ አልነበረም። አበጋዝ አዲሱን እትም ለማድረስ ቸኩሎ በአቋራጭ እንደጻፈው፣ ክፋት እንዳላሰበ ተናገረ።

«ስህተቱን ሳታውቅ ሠርተኸው ይሆናል» አለች ብፅዓት። «ነገር ግን ገጹ የሚከፈተው ባንተ ስልክ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ያለው እትም ከቀብሩ በኋላ የተሠራ ነው፤ አርመህ ሞክረኸዋል። እሷ ላይ ሲፈረድ ግን ዝም አልክ።»

ሜቲ ከወንበሯ ተነሥታ አበጋዝ ፊት ቆመች።

«ልቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ ታጽናናኝ ነበር» አለችው።

ቃላቸውን ለመስጠት ጣቢያ መሄድ ነበረባቸው። የፖሊሱ መኪና በር ላይ ስትደርስ ሜቲ ቆመች።

«አዴ ብፅዓት፣ ከእሱ ጋር አንድ መኪና ላይ አያሳፍሩኝ።»

ብፅዓት ሾፌሩ አበጋዝን ይዞ እንዲቀድም ነገረችው። ሁለቱ ሴቶች በባጃጆቹ መሃል በእግራቸው ተከተሉ።