ወደ ውስጥ የዞረው ጫማ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ጥዬ የምነሳ ሴት ነኝ፣ ሰው ጥላ አየሁ ሲለኝ «ምሳ በልተሃል?» ብዬ የምስቅ፣ ይሄን እወቁልኝና ስሙኝ። ስራዬ ጫማ መጠበቅ ነው፣ ላሊበላ፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ሰው አውልቆ ይገባል፣ እኔ ጫማውን ጫፉ ወደ ውጭ እንዲሆን አዞርለታለሁ፣ ሲወጣ እንዲቀለው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ያን ሰሞን እንግዳ ስለጠፋ ስልኬ ላይ ጌም ለምጄ ነበር። ክፍል ውስጥ ተቆልፎባችሁ፣ እቃውን እየነካችሁ መውጫ ትፈልጋላችሁ፣ ግን ነገሩ ሁሉ የእብድ ነው፣ መሳቢያ ስትከፍቱ ዝናብ ይዘንባል፣ የግድግዳውን ሰዓት ስትነኩት ያስላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መጡ። ቄስ ናቸው፣ አይናቸው ደክሟል። «ጧፍ አስቀምጬ መጣሁ» ብለው ጥቁር የፕላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። «እሺ አባየ» አልኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ ጫማቸውንም አላዞርኩም፣ ጌሙ ይዞኝ።

ከዚያ አዲስ ክፍል መጣ። ግድግዳው ቀይ ድንጋይ፣ በሩ የእንጨት፣ ደጁ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አጠገቡ ቀይ ነጠላ ጫማ ወደ ውጭ ዞሮ። ቀዩ ማሰሪያው በነጭ ክር የተሰፋ ነው፣ የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ የራሴው ጫማ፣ ያኔ እግሬ ላይ ነበር እኮ። ሰዓቱን ነካሁት፣ አሳለ፣ እመኑኝ፣ የአባቴ ሳል ነው፣ ሁለቴ ደረቅ፣ አንዴ ረዘም ያለ።

ቀና ስል የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቷል። ያ በር ሲዘጋ መንደር የሚሰማው ነው፣ ያን ቀን ግን ድምፅ አልነበረውም። ገፋሁት፣ ንቅንቅ አይልም። ከውስጥ አባቴ «ልጄ፣ በሩ የት ሄደ? የምዳስሰው ግድግዳ ብቻ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እየራቀ። ክው አልኩ። ጫማቸውን በእጄ አዞርኩት፣ እጄን ሳነሳ ተመልሶ ወደ ውስጥ ዞሯል። ስልኩ ላይ ጥቁሩን ነካሁት፣ እምቢ አለ፣ ከስሩ «አንዱ ውስጥ ይቀራል» የሚል ጽሁፍ ወጣ።

ምን ላድርግ፣ አባቴ ናቸው። ቀዩን ነካሁት።

ቀዩ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ጥቁሩ ወደ ውጭ፣ በሩም ተከፈተ። አባቴ መዳፋቸው በቀይ አቧራ ተለውሶ ወጡ፣ «ለምን ዘጋሽብኝ?» ብለው ተቆጡኝ።

ጌሙን አጥፍቼዋለሁ። ግን ማታ ወደ ውጭ አዙሬ የማስቀምጠው ቀይ ጫማዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ውስጥ ዞሮ ይጠብቀኛል፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባሁም፣ ከደጁ ተሳልሜ እቀመጣለሁ። ትናንት አባቴ «አይኔ ጭራሽ እምቢ አለኝ፣ ነገ ጧፉን አንቺ ገብተሽ ታስቀምጭልኛለሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ። የሰውን ጫማ የማዞረው እኔ ነኝ፣ ነገ የእኔን ማን ያዞርልኛል?