ፕሮሰሰሩ ብቻ ሲቀር

ኮምፒውተሯን በአልጋ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ የኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ስትገባ ጠጋኙ ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ ታሟል ወይስ አርፏል?»

«እሱን አንተ ንገረኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሳቋ አመለጣት። በማታውቀው ሰው ፊት መሳቅ ልማዷ አልነበረም።

ከፍቶ አየው፤ አይድንም። ቀን መሥሪያ ቤት ውላ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቤቷ የትርጉም ሥራ ለምትሠራ ሴት እጅ እንደ መሰበር ነው።

«በትንሽ ገንዘብ የቱ ይሻለኛል? ተሠርቶ ያለቀ ልግዛ ወይስ ይገጣጠምልኝ?»

«ከቸኮልሽ ያገለገለ ግዢ። ካልቸኮልሽ ግን ደሞዝ በተቀበልሽ ቁጥር አንድ አንድ ዕቃ እያመጣሽ አብረን እንገጥመዋለን። ነገ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ ትቀይሪያለሽ።»

«አልቸኮልኩም» አለች። ውሸቷን ነው፤ ሥራው አናቷ ላይ ወጥቷል።

መጀመሪያ ኬዙ ተገዛ። ከዚያ ማዘርቦርዱ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከዚያ ሜሞሪው። ጠጋኙ ብሎን መፍቻውን ያስይዛታል እንጂ ሥራዋን አይነካባትም።

«ቀስ... አታስጨንቂው፣ ራሱ ይገባል» ይላታል።

እናቷ ነገሩ ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ኮምፒውተር ነው ወይስ ፎቅ የምትሠሪው? የጎደለውን ልሙላልሽና ያለቀውን ግዢ» ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ካለቀ በምን ሰበብ ትሄዳለች? ጠጋኙን ወዳዋለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ፕሮሰሰሩ ብቻ ሲቀር፣ ዝናብ ደብድቧት፣ ትርጉሙን በእጇ ስትጽፍ እያደረች ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ሱቁ ደረሰች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ተቀምጧል።

«አንድ ድርጅት ሲዘጋ በርካሽ አገኘሁልሽ። የጀመርነውን በለውጥ እወስደዋለሁ። ከእንግዲህ መመላለስ የለብሽም።»

መመላለሴ ሰለቸህ ወይ ልትለው አሰበችና ተወችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወሰደችው። ታክሲ ውስጥ አለቀሰች።

ይደውል ይሆናል ብላ ጠበቀች... አልደወለም። እሷም ኩራት ያዛት። ስንት ጊዜ የለመናትን የመሥሪያ ቤቷን ሒሳብ ሹም በመጨረሻ እሺ አለችው። ደግ ሰው ነው። ተጋቡ።

ከሠርጉ በኋላ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። ሌላ ሱቅ ሞልቷል፤ እግሯ ግን እዚያው ወሰዳት። ጠጋኙ አቧራውን እየጠረገ ሳለ ቀለበቷን አየ። እጁ ቆመ።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ያን ጊዜ ለምን ገፋኸኝ?»

«እኔ? እኔ አንቺን ልግፋ?» ድምፁ ተሰበረ። «ዓይንሽ ቀልቶ እያየሁ፣ ለራሴ ደስታ ብዬ ላመላልስሽ? ሥራዋ ይቅለላት አልኩ። ከዚያ ደግሞ ያለ ዕቃ፣ ያለ ሰበብ ትመጪ እንደሆነ ልየው ብዬ... በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ደንበኛ በስልክ ማስቸገር ነውር መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ እስክትጠራኝ ስጠብቅ ነበር።»

እንባዋ መጣ። ባሏን አልጠላችም፤ እሱ ምን አጠፋ? ልቧን ያቃጠላት አንዲት ቃል ለመናገር ሁለቱም ማፈራቸው ነው።

ጠጋኙ ክዳኑን መልሶ አሰረው።

«ደግሞ ከጮኸ አምጪው» አለ በቀስታ።

«ባለቤቴን እልከዋለሁ» አለች።

ገባው። ኮምፒውተሩን እስከ መንገዱ ተሸክሞላት ታክሲ ጠራላት።