«አልበላም» የሚለው ማነው?

«ስለዚህ አእምሮ ከአካል...»

ራኬብ ሳትጨርስ ሆዷ ማይክራፎኑ ላይ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቀችና ቀጥላ ልትል ያሰበችው ጠፋባት።

የክርክሩ ርዕስ «አእምሮ ከአካል የተለየ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። አሸናፊዋ ትምህርት ቤቱን ወክላ በክፍለ ከተማ ደረጃ ትወዳደራለች። ዕጣ ሲወጣ ለራኬብ «የተለየ ነው»፣ ለጓደኛዋ ለቤቴል «አንድ ናቸው» ደረሳቸው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከላፍቶ አብረው የሚመላለሱ ልጆች ናቸው። ቢሆንም ቤቴል ይህን ውድድር አጥብቃ ፈልጋዋለች፤ ጠዋት ለእናቷ «አሸንፌ ነው የምመጣው» ብላ ፎክራ ወጥታለች።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ራኬብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የቤቴል ቤተሰብ ግን ፕሮቴስታንት ስለሆነ እሷ ቁርሷን ጥርግ አድርጋ በልታ ነው የመጣችው።

ተራዋ ሲደርስ አላመነታችም። «ሰማችሁ አይደል? ሆድ ሲራብ ንግግር ይጠፋል። አእምሮ የተለየ ቢሆን ኖሮ በሆድ ጉዳይ ምን አገባው?»

ጭብጨባው ቀለጠ። ቤቴል ደስ አላት፤ ትንሽ ደግሞ አፈረች።

ራኬብ ፈገግ ብላ ተነሣች። «ልክ ነሽ፣ ሆዴ ከጠዋት ጀምሮ ‹ብዪ፣ ብዪ› እያለኝ ነው። ‹አልበላም› የሚለውስ ማነው? እሱም ሆዴ ነው?»

«ራኪ፣ በላሻት!» አለ ከኋላ አንዱ። ፉጨቱ ለጉድ ነው።

መምህር አስረስ ሰዓታቸውን አዩ። «ቤቴል፣ አንድ ደቂቃ አለሽ።»

መልስ ነበራት፤ ያውም የሚያሸንፍ። ባለፈው ረቡዕ ግማሽ ቀን ተምረው ሲመለሱ፣ ራኬብ ረሃቡን አልችል ብላ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሳምቡሳ በልታለች። ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚያ አለቀሰች፤ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ አስማለቻት። አሁን «ረቡዕስ ‹አልበላም› የሚለው የት ሄዶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ራኬብም ገብቷታል። ፈገግታዋ ጠፍቶ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

ቤቴል ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «መልስ የለኝም፣ ቲቸር።»

ራኬብ አሸነፈች። ቤቴል በጣም የሚከፋት መስሏት ነበር፤ ግን እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች።

ከግቢ ሲወጡ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሩ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ትኩስ ፓስቲ ከዘይት እያወጡ ነው። ምሳ ያልበላችው ቤቴል ሁለት ገዛች።

«መልስ ነበረሽ» አለች ራኬብ ቀስ ብላ።

«ኧረ ተይኝ ባክሽ!»

ራኬብ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። «በቃ ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሻል። አንቺ ምን ያስጠብቅሻል?»

ቤቴል ፓስቲዎቹን በወረቀት እንደተጠቀለሉ ጭኗ ላይ አድርጋ የድንጋዩ አጥር ጥግ ተቀመጠች። ሽታው ምራቋን አስዋጣት።

«ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው» አለች። «ነይ ተቀመጪ።»