ያልተፈታው ጥቅል

ልጆች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አፉን ዘግቶ የቆመ ሰው ሊዋሽ ይችላል? ለመመለስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ታሪኩን ስሙ።

ብርቄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ አሰላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ነበር። እናቷ ወይዘሮ አሰፋች ትልቅ ሱቅ ነበራቸው፤ የማያከብራቸው ሰው አልነበረም። ብርቄ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም፤ መዝሙር የምትመራውም እሷ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ ነው። ክፉ አልነበረችም።

በዚያን ዘመን በከተማው መናፈሻ አንድ ልማድ ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመደቡ የተረፈው የአበባ ችግኝ ለሕዝብ ይሸጣል። አትክልተኛው አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ችግኙን ከነአፈሩ ነቅለው በእርጥብ ኮባ ይጠቀልሉታል፤ በቃጫ ያስሩታል። ገዢው ጥቅሉን ታቅፎ ይሄዳል።

የዚያን ዓመት የተረፈው ቢጫ አበባ ብቻ ነበር። ጄራንየም የሚባል ቀይ አበባም ነበረ፤ ግን አይሸጥም። ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ እንግዳ ስለሚመጣ አደባባዩ ላይ ሊተከል ነው። እሱም እንደ ቢጫው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ለብቻው ግድግዳ ሥር ተደርድሯል።

ብርቄ ደግሞ ለጓደኞቿ፣ «ለጽጌ ሰሞን እኔ የማመጣውን አበባ ታያላችሁ!» ብላ ፎክራለች። ቢጫውን ስታቅፍ ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ ወልዴ፣ ቀዩን ይስጡኝ።»

«እሱ የአደባባይ ነው፣ ልጄ።»

«አንድ ጥቅል ብቻ!»

«አንድ ከጎደለ እኔን ነው የሚነቅሉኝ» አሉና ስቀው ውኃ ሊቀዱ ሄዱ።

ብርቄ ግራ ቀኝ አየች። ቢጫውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ቀዩን አንስታ ታቀፈች። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም ኮባ ናቸው። ተመልሳ ከሰው መካከል ገባች።

ወዲያው የመናፈሻው ኃላፊ አቶ ግዛቸው መጡ። ቀዩን ሊያዩ አንዱን ጥቅል ፈቱ፤ ሌላውን ፈቱ። ከዚያ ጮኹ።

«ወልዴ! ይሄ ቢጫ ምንድን ነው? ቀዩን ለማን ሸጥከው?»

«ማርያምን፣ ጌታዬ፣ አልሸጥኩም!»

«በሩ ይዘጋ! ሁሉም ጥቅሉን ይፍታ!»

በሩ ተዘጋ። ጥቅል እየተፈታ ሄደ። ቢጫ። እንደገና ቢጫ። የጨርቅ ነጋዴዋ ከዲጃ የእሷን ፈታች፤ ቢጫ። ቀጥሎ ብርቄ ናት። የኮባው ውኃ በክንዷ ላይ ይወርዳል። ጥቅሉን አጥብቃ ታቀፈች። ልጆች፣ አንዲት ቃል በቂዋ ነበረች፤ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ።

አቶ ግዛቸው እጃቸውን ወደ ቃጫው ዘረጉ። ከዚያ ፊቷን አዩ።

«አንቺ የወይዘሮ አሰፋች ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«እናትሽን ሰላም በይልኝ። እለፊ።»

«እንዴ!» አለች ከዲጃ። «የኔ ተፈቶ የሷ የማይፈታው ለምንድን ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ዝጊ!»

ብርቄ ግድግዳው ሥር ስታጎነብስ ያዩ ሰዎች እዚያው ቆመው ነበር። ሁሉም የእናቷ ሱቅ ደንበኞች ናቸው። መሬት መሬት አዩ። ብርቄም በተከፈተላት በር ወጣች።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። ቤታቸው የመናፈሻው ነበርና እሱንም ለቀቁ። ዕቃቸውን በአህያ ጭነው፣ ቤተሰባቸውን አስከትለው፣ በዝናብ ወደ ሳጉሬ ሄዱ።

ብርቄ ጄራንየሙን በጓሮ፣ ሰው በማያየው ጥግ፣ በጣሳ ተከለችው። ጸደቀ፤ አበበም። ለማን ታሳየው? የጽጌ ሰሞን ደረሰ። ልጆቹ ሁሉ አበባ ይዘው መጡ፤ እሷ ባዶ እጇን መጣች። መዝሙር ምሪ ስትባል ድምፅዋ እምቢ አላት። አለቀሰች፤ ሁሉንም ተናገረች።

እናቷ በገበያ ቀን ሳጉሬ ወሰዷት። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ይሸከማል፤ ብርቄ ግን በድንጋዩ ፈንታ ጄራንየሙን ከነጣሳው በትከሻዋ ተሸከመች። አቶ ወልደ ጊዮርጊስን እህል ተራ አገኟቸው፤ ጆንያ ተሸክመዋል። እግራቸው ላይ ወደቀች።

ጆንያቸውን አወረዱ። ጣሳውን ከትከሻዋ ተቀበሉ። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት።

«ጫፉን መቀንጠስ ነበረብሽ፤ ቀጥኗል» አሉ። ጣሳውን አስቀምጠውም፣ «ተነሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት።

ብርቄ ቀለላት። መናፈሻው ግን ሌላ አትክልተኛ ቀጥሮ ነበር። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ጆንያቸውን መልሰው ተሸከሙ፤ እስኪሞቱም ሲሸከሙ ኖሩ።

እንግዲህ ልጆች፣ በእናንተ ጥፋት ሌላ ሰው ሲቀጣ ዝም ማለት ውሸት ነው፤ እውነቱን በሰዓቱ ተናገሩ።

ያን የገበያ ቀን፣ እህል ተራ፣ ከአትክልተኛው አጠገብ ልጃቸው ቆማ ነበር። ብርቄ ወደ እሷ ዞራ፣ «አንቺስ እኅቴ፣ ይቅር አልሽኝ?» አለቻት። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ ይቅር አሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አየሁ፤ ስለ ይቅርታ የተጻፈ ብዙ መጽሐፍም አነበብኩ። ብርቄን ይቅር አላልኩም። አቶ ግዛቸውንም፣ መሬት መሬት ያዩትንም፣ አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም። አልልምም።