የጠዋቱ ስኳር

«ወላሂ ምንም አልቀመስኩም» አለ አባቷ።

ፈይዛ የስኳር መለኪያውን ደግማ አየችው፤ ቁጥሩ ከትናንቱም ብሷል። አባቷ ኑዕማን ሸዋ ሮቢት ገበያ ማንጎና ፓፓያ ሲሸጥ ይውላል። የስኳር በሽታ እንዳለበት ከተነገረው ወዲህ ግን ጣፋጭ እርም ብያለሁ ይላል። እውነትም ማታ ሲለካ ደህና ነው። ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲለካ ይጨምራል። ታዲያ ከየት መጣ?

«ተደብቆ ይበላል አላልኩሽም?» አለች እናቷ ከዲጃ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ፈይዛ አባቷን ትሰልል ጀመር። የማንጎ ልጣጭ ፍለጋ ቆሻሻ አገላበጠች። የኮቱን ኪስ ስትፈትሽ አባቷ ድንገት ገባ። አልተቆጣም። የዚያን ዕለት ግን እራት አልበላም። ጠዋት ለካችው፤ ቁጥሩ አሁንም አልወረደም። አባቷ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፣ ልክ የሰረቀ ሰው ይመስል። እሷም ‹ተኝተን ሳለ ጓዳ ገብቶ ይሆናል› ብላ አሰበች።

በዚያው ቀን ትምህርት ቤት ቲቸር ሰዲቅ ስለ ጉበት አስተማራቸው።

«ከምግብ ያገኘነውን ስኳር ጉበት እንደ ጎተራ ያስቀምጠዋል። ስንተኛና ስንጾም ደግሞ ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይለቀዋል።»

ፈይዛ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ስኳር በሽታ ያለበት ሰውስ?»

«ጉበትን ‹በቃህ› የሚለው ኢንሱሊን ነው። እሱ ካነሰ ወይም በደንብ ካልሠራ ጉበት ከልክ በላይ ይለቃል። ሰውየው ጦሙን አድሮ እንኳ ጠዋት ስኳሩ ሊጨምር ይችላል።»

«ምነው፣ ደበረሽ እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ዙልፋ።

ፈይዛ ‹ጦሙን አድሮ እንኳ› የሚለውን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ማታ አባቷ እንደገና ከማዕዱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «እኔን ተዉኝ፤ ካልበላሁ አትጠረጥሩኝም» አለ።

ፈይዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። «ብላ አባ። ስኳሩን ሌሊት የሚለቀው የራስህ ጉበት ነው፤ ዛሬ ተማርነው። የስኳር መድኃኒትህን እየዋጥክ መጾም ደግሞ ሊጎዳህ ይችላል። ነገ ጤና ጣቢያ አብሬህ እሄዳለሁ። ሳትበላ አድረህ እንኳ እንደሚጨምር እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺንም አታለለሽ?» አለች ከዲጃ።

አባቷ አንገቱን ደፋ። ፈይዛ ግን ከጎኑ አልተነሳችም።

«እማ፣ ነገ አንቺም ነይ» አለች። «ከሐኪሙ አፍ ስሚው።»