አሥራ ሰባት ቁጥር ሲጠራ

ሪዚኪና ኮምቦ የተዋወቁት በጠብ ነው። ዓሣ አጥማጁ ኮምቦ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኪሊፊ፣ ከዓሣ ገበያው በላይ ወዳለው ቢሮ ወጥቶ፣ ኮድ በምትጽፈው በሪዚኪ ጠረጴዛ ላይ ጨው የበላው የጀልባ መሣሪያ አስቀመጠ።

«ይሄ ነገራችሁ ትናንት ልጅሽ ታንዛኒያ ገባ ብሎ ለእናቴ ነገራት። ስታለቅስ ነው የዋለችው።»

«የት ነበርክ ታዲያ?»

«ጢሜን እየተላጨሁ።»

ሪዚኪ ጢሙን አየችው። ግማሹ አልተነካም።

«ድንበር ላይ ይዘውህ ነዋ ግማሹ የቀረው።»

ኮምቦ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ ቀደመው። በማግስቱ ሌላ መሣሪያ ይዞ መጣ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም። ደህና መሆኑን እንድታይልኝ ነው።»

እንዲህ እያለ የሰፈሩን ጀልባ ሁሉ ጤነኛ መሣሪያ አስመረመረ።

የመሣሪያው ሥራ ቀላል ነው። ባሕር ላይ ያለች ጀልባ ያለችበትን ቦታ ወደ ክላውድ ትልካለች። ክላውድ ስሙ ደመና ነው እንጂ ሩቅ አገር ያለ መጋዘን ነው። የሪዚኪ ፕሮግራም ደግሞ የእያንዳንዷን ጀልባ መለያ ቁጥር እየያዘ ጥያቄ ያዘጋጅና መጋዘኑን ይጠይቃል። አዲስ መልስ ከተገኘ ለቤተሰቡ ስልክ «የእገሌ ጀልባ ከኮራሉ ወዲህ ገብታለች» የሚል መልእክት ይደርሳል። ኮራል ማዕበሉን የሚያግደው የባሕር ውስጥ ዐለት ነው፤ ከሱ ወዲህ የገባ ሰው ቤቱ ገባ ማለት ነው። ሚስቶች ያን አይተው ሩዝ ይጥዳሉ።

ባሕሩን በሚያናውጠው በኩሲ ነፋስ ወራት የኮምቦ ታላቅ ወንድም አትማን ወጥቶ ቀረ። የጀልባው ቁጥር አሥራ ሰባት ነበር። ፈላጊዎች ያገኙት አንድ የተንሳፈፈ ጄሪካን ብቻ ነው። እናቱ ቢ ሻሪፋ አላለቀሱም፤ ስልካቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ተቀመጡ። ስልኩም ዝም አለ።

ነፋሱ ተገልብጦ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ፣ አንድ አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። «የአትማን ጀልባ ከኮራሉ ወዲህ ገብታለች።»

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከዚያም ወዲያ።

ቢ ሻሪፋ በኮኮናት ወተት ሩዝ እየቀቀሉ፣ በሰሃን ከድነው ወደ አሸዋው ይወርዱ ጀመር። ሲመለሱ ሰሃኑ ባዶ ነው። ሼኹ ስለ ሙት ሶላት ሲያነሱባቸው፣ «የምን ሶላት? ልጄ እኮ ከኮራሉ ወዲህ ነው» አሏቸው። ጎረቤቶች ባዶውን ሰሃን እያዩ በዚያ መንገድ ማለፍ ተዉ።

ኮምቦ ሪዚኪን ለማግባት እናቱ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ የተመለሰለትም ይኸው ነበር። «አትማን ሳያገባ? በታላቁ ላይ ሊቀድም? ይምጣና እሱ ያግባ መጀመሪያ።» የሪዚኪ አጎት በበኩላቸው ከማሊንዲ ሌላ ባል አግኝተውላታል፤ ከረመዳን በኋላ መልስ ይፈልጋሉ።

«ከሞተ ሰው ጋር ወረፋ ይዘናል» አላት ኮምቦ፣ ከቢሮው ደረጃ ሥር ቆመው። ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም።

ሪዚኪ ፕሮግራሙን ለመፈተሽ ፈራች። ባሕር የበላው ጀልባ ሲጠራ አቤት እያለ ነው፤ የምትጠራው ደግሞ እሷ ናት። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍታ፣ ያዘጋጀችውን ጥያቄ ቃል በቃል አነበበችው።

ጥያቄው «አሥራ ሰባት ቁጥርን ስጠኝ» አይልም። «በአሥራ ሰባት ከሚጀምረው ሁሉ የቅርቡን ስጠኝ» ነው የሚለው። አትማን ከጠፋ በኋላ የተመዘገበችው የመጨረሻዋ ጀልባ የዓሣ አጥማጁ የፉሞ ናት፤ ቁጥሯ መቶ ሰባ። አንድና ሰባት ብላ ነው የምትጀምረው። ከቁጥሩ ኋላ አንዲት እዝባር፣ ያቺን ዘንበል ያለች መስመር፣ ብታሰምርበት ኖሮ ጥያቄው አሥራ ሰባት ላይ በቆመ ነበር። እዝባሯን ረስታለች። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚረሳት ነገር ናት፤ ሌላው ሰው ግን ሙት አያስነሳባትም።

ለኮምቦ ነገረችው። ሁሉንም።

«በእኔ ነው። እናትህን ያታለልኳት እኔ ነኝ።»

ኮምቦ ተነሳ። ከታች ዓሣ ነጋዴዎቹ ሲጯጯሁ ይሰማል። ወደ በሩ ሄደ። ሪዚኪ አለቀ ብላ አንገቷን ደፋች።

«ነዪ እንጂ» አላት ከበሩ። «ብቻዬን እንድነግራት ነው?»

ቢ ሻሪፋ ከአሸዋው ላይ፣ ከተገለበጠች ጀልባ አጠገብ ሰሃናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሪዚኪ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ተናገረች። ምላሷ እየተሳሰረ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ፉሞ።

«ፉሞ መሆኑን እኔ አጣሁት?» አሉ ቢ ሻሪፋ። «ሩዙን የሚበላው ማን መሰለሽ?»

«እማ!» አለ ኮምቦ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መልእክቱ ስሙን ይጠራልኛላ። እናንተማ ፈርታችሁ አትማን ማለት ትታችኋል።» ሰሃኑን አስቀመጡ። «ባለፈው ሰሞን ግን ፉሞ ወባ ጥሎት ተኛ። ጀልባው እዚህ ተጎትታ፣ እኔ ጥላዋ ሥር ነበርኩ። መልእክቱ መጣ።»

ማዕበሉ እየሸሸ ነበር። ሪዚኪ ዓይኗን ከባሕሩ መለሰች።

«መሣሪያው ከአሸዋም ላይ ሊልክ ይችላል፣ ቢ ሻሪፋ።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ፉሞን ጠየቅኩት። መሣሪያው አልጋዬ ሥር ነው፣ ባትሪውን አውጥቼዋለሁ አለኝ።» ሪዚኪን አተኩረው አዩዋት። «በቁጥሩ የምትጠሪው አንቺ ነሽ?»

«ፕሮግራሙ ነው... አዎ። እኔ ነኝ።»

«ማታ ማታ?»

«ቀኑን ሙሉ። ሳያቋርጥ።»

«ውይ ልጄ። ሲጠሩት የሚውል ሰው እንዴት አድርጎ ያርፋል? ተዪው። ይበቃዋል።»

ሪዚኪ ላፕቶፑን በተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ላይ ከፈተች። ኮምቦ ፀሐዩን በትከሻው ከለለላት። እዝባሯን ጨመረች፤ ጥያቄውን ላከች። መጋዘኑ ከወትሮው ዘግየት ብሎ መለሰ፤ ለዛሬ ምንም የለም። ቢ ሻሪፋ የተከናነቡትን ሌሶ ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አትማን ከጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሶላቱ ተሰገደ፤ ለቅሶው ተለቀሰ። የማሊንዲው ሰውዬ ቀሪ ሆነ። ከረመዳን በኋላ ሪዚኪ በእጇ ሂና፣ ኮምቦ ሙሉ ለሙሉ በተላጨ ጢም ተጋቡ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ሻይ ሲጠጡ ኮምቦ ድንገት ጠየቃት።

«ፉሞ የታመመ ዕለት የመጣው መልስ... ከየት እንደመጣ አይተሻል?»

መጋዘኑ የተሰጠውን አይጥልም። ሪዚኪ አይታለች። የመቶ ሰባ ቁጥር ማህደር ያን ዕለት ባዶ ነበር። የአሥራ ሰባት ግን ባዶ አልነበረም።

«አላየሁም» አለችው።

ኮምቦ ፊቷን አየ። ከዚያ የሻይ ስኒዋን ከእጇ ተቀብሎ አስቀመጠና እጇን ያዘ። ያን ቀን ባሕር አልወጣም፤ ዳግመኛም አልጠየቃትም።